ለባሌስትራ፦ ስለ መኪናዋ፣ ደግሞም ስለ ልጁ

አንተ ባሌስትራ፣ እንደምን ከርመሃል?

ይቅርታ። በቃ አልኩ። ለጥምቀት ደውለህ አላነሳሁም፣ ለፋሲካ የላክኸውን የድምፅ መልእክት ደግሞ የሰማሁት ትናንት ማታ ነው፣ ስድብህን አንድ በአንድ ውጬዋለሁ፣ ይገባኛል። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ትልቋ ዘንድሮ ማትሪክ ተፈታኝ ናት፣ እማዬ "ጉልበቴን" ከማለት በቀር ደህና ናት፣ "ያ ቀጭኑ ሻርጃ ላይ ሙቀቱ አላቀለጠውም ወይ?" ትላለች። ወሬው ይኸው ነው።

የምጽፍልህ ስለ መኪናዋ ነው። ማለቴ እንትን... ስለ መኪናዋ ብቻ አይደለም፣ ግን ከሷ ልጀምር፣ ሌላው እያዋዛሁ ይመጣል።

ሃይሉክሷ ከአምና ክረምት ጀምሮ ዓመል አወጣች። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭና ስትነሳ ደህና ናት፣ ሜዳው ላይ ትበራለች፣ ደብረ ሲናን አልፋ የጣርማ በርን ዳገት ስትይዝ ግን በሦስተኛ ማርሽ እየጎተተች ድንገት እንደታነቀ ሰው ትሆናለች፣ ነዳጅ ብትረግጥ መልስ የላትም፣ ትንገጫገጭና ቀጥ። ወርደህ ኮፈኑን ከፍተህ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ሠላሳ አርባ ጊዜ ትጫናለህ፣ ትጠነክራለች፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ፣ ደግሞ እንደገና። ከኋላህ ሲኖትራክ ጡሩንባውን እየነፋ፣ ከፊትህ ጉም፣ ጎማ ሥር ድንጋይ የሚያስገባልህ እረኛ ሳይቀር "ጋሼ ይቺ እኮ አለቀላት" እያለ።

መጀመሪያ ከፍታው ነው አልኩ። ከሮቢት ቆላ ተነስተህ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው የምትወጣው፣ አየር የሚገፋላት ቱርቦ የላት፣ አየሩ ይሳሳባታል፣ እውነት ነው። ግን አንተና እኔ አስር ኩንታል ጭነን ስንቴ ወጥተነዋል በዚሁ ፋይቭ ኤል ሞተር? ደግሞ አየር ያነሳት ናፍታ ጥቁር ጭስ ትተፋለች እንጂ እንዲህ ጭሷ ጭራሽ ጠፍቶ አትሞትም። ጭስ ከሌለ ናፍታው ራሱ አልደረሰም ማለት ነው። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ትዝ ያለኝ ግን ከስንት ወር በኋላ መሰለህ።

ፊልትሮ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ከፍቼ በብርጭቆ ቀዳሁት፣ ውሃ የለውም። የታንከሩን ክዳን ከፍቼ ነዳሁ፣ ምናልባት አየር ማስገቢያው ተደፍኖ ናፍታው አልሳብ ብሏል ብዬ፣ እሱም አይደለም። ሞተሩ እየሠራ ናፍታ የሚረጩትን የኖዝሎቹን ዳዶ በ17 ቁልፍ ተራ በተራ አላላሁ፣ አራቱም ሲላሉ ድምፁ ይቀየራል፣ ስለዚህ ኖዝል አይደለም። (ጎረቤቴ ይህን አይቶ በሱ ዲ ፎር ዲ ሞተር ላይ ሊሞክር ቁልፍ ይዞ ሲመጣ እንዴት እንደጮህኩበት! የዚያኛው ግፊት ቆዳ በስቶ ይገባል እኮ።) አንድ መካኒክ መጣና ገና ኮፈኑ ሳይከፈት "ናፍታውን ወደ ኖዝል የምትገፋው ፖምፓዋ አርጅታለች፣ ትውረድና ካሊብሬሽን ትግባ" አለ፣ ዋጋውን አልነግርህም፣ የብሩ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መለዋወጫ የሚባል ነገር አይቀመስም። ያኔ ነው ላንተ ልጽፍልህ የነበረው፣ በኅዳር፣ ከሻርጃ ያገለገለ ፖምፓ ፈልግልኝ ልልህ። ጀመርኩና አጠፋሁት። በምን አፌ?

ያው ሰምተሃል መቼም። እታለም ሳትነግርህ አትቀርም። ካልነገረችህም ከኔ ስማው፣ መኪናዋን ይነዳልኝ የነበረውን ልጇን ከመስቀል በኋላ አባርሬዋለሁ። ሌባ ብዬ።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገርህ፣ ራሴን ለመከላከል አይደለም፣ እሺ ትንሽ ለመከላከል ነው። እኔ ሙሉ አስሞልቼ ስነዳት ምንም የላትም። እሱ ይዟት ወርዶ ሲመለስ፣ ታንከሩ ከግማሽ በታች ሆኖ፣ ዳገቱ ላይ ትቆምበታለች። ጌጁም ከሚገባው በላይ ይወርዳል፣ በደርሶ መልስ አምስት ስድስት ሊትር የት እንደገባ አይታወቅም። ናፍታ በጠፋበት ሰሞን አንድ ቀን ከመንገድ ዳር በጀሪካን መግዛቱን ራሱ ነግሮኛል፣ ሳልጠይቀው። እኔ ሁሉንም ደመርኩት፤ ናፍታውን እየቀዳ ይሸጣል፣ የጎደለውን በላምባ ይሞላል፣ ፖምፓዋ ደግሞ ዘይቷ ራሱ ናፍታው ስለሆነ ላምባው እየበላት ነው። ሂሳቡ እንዴት እንደገጠመልኝ! እኔ እኮ በቀመር ሰነፍ እንደነበርኩ ታውቃለህ፣ ያን ቀን ግን ሁሉም ቁጥር እጄ ገባ።

የሚያቃጥለኝ ግን ይህ አይደለም። ልጁ ማታ ማታ መኪናዋን ግቢ አያስገባም ነበር። ከቤታችን በታች ያለው ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ወደታች አድርጎ ያቆማታል። ለምን ስለው "ጋሼ፣ እንዲህ ስትሆን ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ ሽቅብ ካደረች ግን ታለፋኛለች፣ አየር የምትስብ ይመስለኛል" አለኝ። በአፉ! አየር ብሎኛል ባሌስትራ! እኔ "ገና ፊልትሮ ከፊልትሮ ሳትለይ መካኒክ ሆንክብኝ?" ብዬ ሰው ፊት አሳቅኩበት። ቁልቁለት ላይ የሚያቆማትም ሌሊት ከግቢ ውጪ ናፍታ ለመቅዳት እንዲመቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። የመጨረሻ ወር ደመወዙንም ለጠፋው ናፍታ ብዬ ያዝኩት። አልተከራከረኝም፣ ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ከዚያ ምን ሆነ፣ ናፍታውን ራሴ ሁልጊዜ ጢም አድርጌ አስሞላለሁ፣ መኪናዋም ቆማ አታውቅም፣ እኔም "አያችሁ?" እያልኩ ለሰው አወራለሁ። መጋቢት ላይ ናፍታ ጠፋ፣ ሌሊት ወረፋ አድሬ 20 ሊትር ብቻ ደረሰኝና መንገዱ የተከፈተ ቀን ወደ ሮቢት ወረድኩ። ስመለስ እዚያችው ኩርባ ላይ፣ ዋሻው ሊታይ ሲል፣ ቀጥ። ከጎኔ ማንም የለም። ላምባ የለም፣ ሌባ የለም፣ እኔ ብቻ።

እዚያ ቁጭ ብዬ ነው የገባኝ። ይቺ መኪና ታንከሩ ላይ የሚገፋ ፖምፓ የላትም፣ ፊት ሞተሩ ላይ ያለው ፖምፓ ራሱ ነው ከኋላ ድረስ የሚስበው። ታንከሩ ሙሉ ሲሆን ናፍታው ቅርብ ነው፣ በቀላሉ ይመጣል። ሲጎድል፣ በዚያ ላይ አፍንጫዋ ሽቅብ ሲሆን ታንከሩ ከሞተሩ በታች ይቀራል፣ መሳቡ ይከብዳል፣ በመንገድ ላይ አንዲት ቀዳዳ ካለች ደግሞ ከናፍታው አየሩ ይቀላታል። የሚስብ ቱቦ ሲበሳ ወደ ውጪ አያፈስም እኮ፣ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚስበው፣ ስለዚህ ሥሯ ብትተኛም እርጥብ ነገር አታይም። ቁልቁለት ላይ ስታድር በጠዋት የምትነሳውም ለዚህ ነው፣ ናፍታው ወደ ታንከሩ አይመለስም። ልጁን ሌባ ያልኩበት ማስረጃ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ እሱ ትክክል መሆኑን ነበር የሚናገረው።

ማረጋገጥ ግን ነበረብኝ፣ አንዴ ቸኩዬ ያየሁትን አይቻለሁና። ግንበኞች የውሃ ልክ የሚይዙባትን ነጭ ቱቦ ቆርጬ በፊልትሮውና በፖምፓው መሐል አስገባሁ። ሞተሩን አስነስቼ ጋዝ ስሰጣት አረፋው እንደ ጠላ ይፍለቀለቃል። ከዚያ 10 ሊትር ጀሪካን ጋቢና ውስጥ ወንበሩ ላይ በገመድ አሰርኩ፣ ቱቦውን በመስኮት አውጥቼ በቀጥታ ፊልትሮው ላይ፣ ታንከሩን ጭራሽ ዘለልኩት። ሽታው ገደለኝ፣ ሚስቴ ያንን ጃኬት እስካሁን ቤት አላስገባችውም። ግን መኪናዋ! ባዶዋን አይደለም፣ ስምንት ኩንታል ጭኜባት፣ አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጌ አቁሜ አስነስቼ፣ ዳገቱን እንደ ድሮዋ እያገሳች ወጣችው። ፖምፓዋ አላረጀችም።

ጀሪካኑ ግን ሳላስበው አለቀ። ያው እንደምታውቀው ፖምፓው ከሚያቃጥለው በላይ ይስብና ትርፉን ወደ ታንከሩ ይመልሳል፣ የመመለሻውን ቱቦ ጀሪካኑ ላይ ማድረግ ረስቼ ነበር። እስቲ የተመለሰው የት ሄደ ብዬ ሞተሩ እየሠራ ሥሯ ገባሁ፣ በባትሪ አበራሁ። የታንከሩ አናት ላይ አቧራው በናፍታ ተቦክቶ ጭቃ ሆኖ ደርቋል፣ በላዩ አዲስ ናፍታ ጠብ ጠብ ይላል። የመመለሻው ጎማ ተሰነጣጥቆ ነው። የጠፋው አምስት ስድስት ሊትር ይኸው! መንገድ ላይ ስናፈሰው ነው የከረምነው።

ከጎኑ ደግሞ የሚስበው ቱቦ። አንተ አጭበርባሪ፣ እጅህን አወቅኩት። ከአጣዬ ስንመለስ በጨለማ የቀጠልካት ናት፣ የብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠምጥመህ በሽቦ ያሰርካት፣ "ለጊዜው ነው፣ ደብረ ብርሃን ስንገባ እንቀይራታለን" ያልከኝ። ሰባት ዓመት! ጎማዋ እንደ ቋንጣ ደርቃለች፣ ሽቦው ግን ፍንክች አላለም፣ ምን ዓይነት ክርን ነው ያለህ። ልሰድብህ ፈልጌ ነበር እዚያው ተኝቼ፣ ከዚያ እኔም መቀየሩን ረስቼ ሰባት ዓመት መንዳቴ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ሁለቱንም ናፍታ በሚችል ጎማ ቀየርኩ፣ አራት የቱቦ ማሰሪያ ፋሸታ፣ ፊልትሮው ላይ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ፣ ተደምሮ 1,800 ብር አልሞላም። ከዚያ ወዲህ ሩብ ታንከር ይዤ ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ ምንም የለባትም።

አሁን ወደ እንትኑ ልምጣ። ልጁ ስልኩን ቀይሯል። አዲስ አበባ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኗል ብለው ነገሩኝ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ልጅ። እታለም ቤት ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ ተመልሻለሁ። የሷን ቡና ስንት ዓመት ጠጥቼ፣ በተማሪነታችን ሽሮዋን ካንተ ቀድሜ እየበላሁ፣ በሩን ማንኳኳት አቃተኝ። ደመወዙን በቴሌብር ልልክለት አሰብኩ፣ ግን ብሩ ከቃሉ ቀድሞ ቢደርሰው ምን ይመስላል? አፍ ማዘጊያ ነው የሚመስለው። አንተ ደውለህ ብትነግርልኝም ይቀለኛል፣ ግን አይሆንም መሰለኝ። አይሆንም አይደል? እኔ ነኝ ሰው ፊት ያሳቅኩበት።

ቁጥሩ አንተ ጋ አለ። ላክልኝ። ለእታለምም እኔ ከመሄዴ በፊት ምንም እንዳትላት፣ ካልኳት በኋላ የፈለግከውን በለኝ። ልጁ ተመልሶ ይነዳልኛል ብዬ አልጠብቅም፣ ብቻ አየር ነበር፣ ልክ ነበርክ ልለው ነው። ቁጥሩን መስጠት ካልፈለግክም አልሰጥም ብለህ ጻፍልኝ፣ ዝም ብቻ አትበለኝ፣ ዝምታውን የጀመርኩት እኔ መሆኔን አውቃለሁ።

ያንተው

ደግሞ አንድ ነገር፣ ጠዋት በብርድ ስትነሳ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ ከዚያ ይጠፋል። እኔ በብርድ ሞተሩን የምታሞቀው ካንዴሌታ ናት ባይ ነኝ፣ ከአራቱ አንዷ ሞታ። አንተ ምን ትላለህ? ብቻዬን መደመር ፈርቻለሁ።