ለልጄ፦ ማን ቆጠራቸው?

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ነው በዚህ ብርድ ያስቸገረኝ።

ትናንት አክስትህ ፌስቡክ ላይ የለጠፍከውን ላከችልኝ። አውሮፕላን ይደበድባል፣ ጭስ ይነሳል፣ አንተ ከላይ «200 አሸባሪ ተደመሰሰ፣ አልሸባብ አበቃለት» ብለህ ጽፈሃል። ከሥር ደግሞ ያ የቦሌ ሚካኤሉ ጓደኛህ፣ በረመዳን ሳምቡሳ የሚያመጣልን ልጅ፣ «አጎቴ እኮ እዚያ ከተማ ነው ያለው» ብሎሃል። አንተ አልመለስክለትም። እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ?

ለመሆኑ ማን ቆጠራቸው? ቦምቡን የጣለው ሰው ወርዶ አስከሬን ቆጠረ? ቪዲዮውስ የት አገር፣ መቼ ነው የተቀረጸው? እሱን እንኳ አላየህም።

በፈረንጆቹ ነሐሴ 2021 አሜሪካኖቹ ካቡል ላይ አንድ መኪና በድሮን መቱ። ቦምብ ሊያፈነዳ የመጣ አሸባሪ ገደልን አሉ፣ ዓለም ሁሉ ተቀብሎ አወራ። ጋዜጠኞች ቦታው ሄደው ሲያጣሩ የሞቱት 10 ሰላማዊ ሰዎች ሆነው ተገኙ፣ ሰባቱ ሕፃናት። ተሳስተናል ያሉት ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ወሬ ያሰራጨው ሁሉ ተመልሶ አስተካከለ? እንጃ!

«አበቃለት» ማለቱንስ ከየት አመጣኸው? የአልሸባብን መሪ አይሮን በፈረንጆቹ 2008 አሜሪካኖቹ በሚሳይል ገደሉት። ሌላውን መሪ ጎዳኔን በ2014 ገደሉት፣ ወዲያው ሌላ ተሾመ። በሰባት ወሩ ኬንያ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ገብተው 148 ሰው ጨረሱ። ዝም ተብለው ይታዩ አላልኩም፣ አረመኔዎች ናቸው። ግን እነሱ ኬላ አቁመው ቀረጥ ይሰበስባሉ፣ ገጠር ውስጥ ይዳኛሉ። አውሮፕላን ደብድቦ ይሄዳል እንጂ ኬላ ላይ ቆሞ አያድርም። ማታ ገበሬው የሚያገኘው ያንኑ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው።

ይሄን የምልህ አዋቂ ሆኜ አይደለም። በ1980 በኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ ዶሮ ማነቂያ ተከራይቼ ስኖር፣ ጎረቤቴ እንጀራ የምትሸጥ የትግራይ፣ የሐውዜን ሴት ነበረች። በዚያ ሰሞን የሬዲዮው ወሬ ሁሉ ገንጣይ ተደመሰሰ፣ ወንበዴ ተደመሰሰ ነበር። እኔም አንድ ቀን ቡና ላይ፣ ልጅነትም ነው፣ «ደግ አደረጓቸው፣ ይንደዱ!» አልኩ። እሷ ምንም አላለችም። ሲኒ ታጥብ ነበር፣ ያንኑ ሲኒ ደጋግማ አጠበችው።

በኋላ ነው በሹክሹክታ የሰማነው። ሰኔ 15፣ የሮብ ገበያ ቀን፣ ሐውዜን ላይ የደርግ አውሮፕላኖች ገበያተኛውን ደብድበው ከሺህ በላይ ሰው አልቋል። እህቷ እዚያ ገበያ ነበረች። ለቅሶ ደረስኩ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ይቅርታ ግን አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ነገ እላታለሁ ስል ዓመት አለፈ፣ ቤት ቀየረች። አሁን ሰፈሩ ራሱ ፈርሷል፣ ማንን ብዬ ልጠይቅ? እነዚያ ተደመሰሱ የተባሉትን ደግሞ በግንቦት 1983 ኮንጎ ጫማ አድርገው በአራት ኪሎ ሲያልፉ በዓይኔ አየኋቸው።

ስለዚህ ማን ቆጠራቸው በል። የሚያስደስትህ ወሬ ሲሆን ደግሞ ሁለቴ በል።

ለልጁ ዛሬውኑ ደውል። በቴክስት አይደለም፣ በድምፅህ። አጎቱ ተገኝቶ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቀው፣ ከዚያ ይቅርታ በለው። የለጠፍከውንም አጥፋው። የኔ ጌታ፣ ተቆጣሁህ አይደል? እናትህ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ሽሮና በርበሬ ለሐዋሳው ሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ፣ ነገ ከሰዓት ይደርሳል። በርበሬው አዲስ ነው፣ ፀሐይ አስነካው። ጣሳዎቹን እንዳለፈው ጊዜ እዚያው እንዳታስቀራቸው።

እናትህ