የዚያን ማታ ላልተለያችሁን ሁሉ፦ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች የምስጋና መልእክት

ባሕር ዛፍ ወድቆ የመብራት ሽቦ የበጠሰበትን የዚያን የዝናብ ማታ ጉድ ያልሰማ የሰፈራችን ሰው ስለሌለ ዝርዝሩን አንደግመውም። ባሕር ዛፉ የት እንደወደቀ፣ መብራቱ መቼ ሄዶ መቼ እንደመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የኮሚቴው ድርሻ ምስጋና ማድረስ ነው። ምስጋናው በደፈናው እንዳይቀር ግን ማን ምን እንዳደረገና ለምን ልክ እንደነበረ አብረን እንጽፈዋለን፤ ክረምቱ ገና አልወጣምና።

ከሁሉ በፊት ጋሼ። ስማቸው እንዳይነሳ ስለለመኑን አናነሳውም። ምድር ቤት የሚኖሩት፣ ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉት አባታችን መሆናቸውን ግን የማያውቅ የለም። መብራቱ እንደሄደ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ያንን የታመመ ጉልበታቸውን ይዘው እስከ አራተኛ ፎቅ በየበሩ ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። በየበሩ ያሉትም አንድ ነገር ነው፦ «ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ዲቫይደሩን ከሶኬት ንቀሉ። ምጣድ የጣዳችሁ አጥፉ። የሶኬቶቹን ብሬከር አውርዱና አንድ አምፖል ብቻ ተዉ።»

ምክንያቱን እሳቸው ካስረዱን እንንገራችሁ። ወደ ሕንፃችን የሚገባው መስመር ሦስት ፌዝ (ኃይል የሚያመጡት ሽቦዎች) እና አንድ ኒውትራል (የጋራ መመለሻው ሽቦ) አለው። ከፌዝ እስከ ኒውትራል 220 ቮልት፣ ከፌዝ እስከ ፌዝ 380 ቮልት ነው። ነፋስ ወይም ዛፍ ኒውትራሉን ከበጠሰው በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች ሳያውቁት እርስ በርስ ይያያዙና 380ውን ይከፋፈሉታል። ክፍፍሉ ደግሞ ፍርድ የለውም። ምጣድ የጣደው ቤት ጥቂት ቮልት ይደርሰዋል፤ ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጀር ብቻ የሰካው ምስኪን ቤት 300ን አልፎ ይመጣበታል። ዕቃው የሚቃጠልበትም ይኸው ትንሽ የሚጠቀመው ሰው ነው።

መብራቱ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ሲጮህ ጋሼ ዓይናቸው አምፖሉ ላይ ነበር። የድሮው ቢጫ አምፖል ነው ቤታቸው ያለው፤ ሆን ብለው ነው ያስቀመጡት። የዛሬው ኤልኢዲ አብዛኛው ቮልቴጁ ቢዋዥቅም ብርሃኑ ስለማይለወጥ ምንም አይናገርም፤ ቢጫው ግን ሲበዛበት ይነጣል፣ ሲያንስበት እንደ ፍም ይቀላል። መልቲሜትራቸውን (የቮልት መለኪያቸውን) ሲያስገቡ አንዱ ቤት 270፣ ሌላው 130 አካባቢ አነበበ። ጤነኛ የሚባለው ከ198 እስከ 242 ነው። «ዋናውን አውርዱ!» ብለው ደረጃው ላይ የጮሁት ድምፅ እስካሁን ጆሯችን ላይ አለ። ዝቅ ያለውም እንደማያዋጣ ልብ በሉ፦ 130 ላይ የፍሪጅ ሞተር እያጉረመረመ መነሳት ያቅተዋል፣ በዚያው ግለቱ ጠምዛዛ ሽቦውን ያቃጥለዋል።

ጋሼ፣ ዕድሜዎን እንደ ማቱሳላ ያርዝምልን። ሦስተኛ ፎቅ በልብስ ስፌት የምትተዳደረው እህታችን ማሽኗ ዛሬም የሚሠራው በእርስዎ ነው። ይህን ስንጽፍ እሷ ናት አጠገባችን ቆማ «ጨምሩበት፣ ጨምሩበት» የምትለን።

እንጨምራለን። 905 (የኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል) ላይ የደወሉትም እሳቸው ናቸው፤ አደዋወላቸውም ትምህርት ነበር። «መብራት የለም» ብለው አልተዉትም። የጠፋው አንድ ሕንፃ ይሁን ሰፈሩ በሙሉ፣ የቅርቡ ትራንስፎርመር የት እንዳለ፣ መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ መኖሩን፣ ቮልቴጁ በየቤቱ መለያየቱንና ኒውትራል መጠርጠሩን በቅደም ተከተል ነገሯቸው። የመጡት ሠራተኞች በቀጥታ ወደ ተበጠሰው ቦታ ሄዱ።

አንድ ወንድማችን ጄኔሬተሩን አምጥቶ ለሁላችንም ሊያካፍል ያሰበበትን ቅንነትም እናመሰግናለን። ጋሼ ግን ሁለቱም ጫፉ ወንድ (ተሰኪ) የሆነ ሽቦ ከጄኔሬተሩ ወደ ቤት ሶኬት እንዲሰካ አልፈቀዱም። ከቤት ወደ መስመር የሚወጣ ኃይል በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ሄዶ 15,000 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ምሰሶ ላይ ያለው ሠራተኛ ደግሞ መስመሩ የሞተ መስሎት ነው የሚነካው። ጄኔሬተሩ ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ግቢው ውስጥ ቆመ፤ ስልክና የባትሪ መብራት ብቻ በራሱ ሶኬት ቻርጅ ተደረገበት።

መጨረሻ ላይ ሽቦው ተጠግኖ ሲመጣም አልተኙም። ከ5 ሰዓት በላይ የቆመ ፍሪጅ፣ ቦይለርና ምጣድ ሁሉ ባንድ ጊዜ ከተነሳ የትራንስፎርመሩ ፊውዝ ዳግመኛ ይበጠሳል፤ አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3,500 ዋት በላይ፣ ማለትም 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ስለዚህ በፎቅ አሰለፉን። ምድር ቤት መጀመሪያ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ አንደኛ ፎቅ፣ እንዲያ እያለ እስከ ላይ። በየቤቱ መጀመሪያ መብራት፣ ከዚያ ፍሪጅ፣ ምጣድ ለነገ። ፍሪጅ እንደጠፋ ወዲያው ቢነሳ ሞተሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ግፊቱ ስላልተስተካከለ ይታነቃል፤ ሁልጊዜም ቢያንስ 5 ደቂቃ ስጡት።

ወደ እማማ እንለፍ። ከሰላቸውን ኮሚናሉ (የጋራ ቤቱ) ውስጥ በር ከፍተው አቀጣጥለው ብሎኩን በሙሉ ሽሮና ሻይ ያበሉንና ያጠጡን እናታችን፣ እጅዎን ይባርከው። ከሰሉን ወደ ቤት እንድናስገባው ለለመንናቸው ሁሉ እምቢ ማለታቸው ከሽሮው ይበልጣል። ቀልቶ ጭሱ የጠፋ ከሰል የማይታይና የማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ብርዱን ፈርቶ መስኮት የዘጋ ቤተሰብ እንደተኛ ይቀራል። በየክረምቱ የምንሰማው መርዶ ይኸው ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከተሰማችሁ ምድጃውን ለመሸከም ሳትሞክሩ ሰዉን ወደ ውጭ አውጡ፤ ከዚያ 907 (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም 939 (እሳትና አደጋ) ደውሉ።

ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሲስተራችን የአባባን ኢንሱሊን ጉዳይ ስላረጋጋችልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰው በረዶ ፍለጋ ሊሮጥ ነበር። የተከፈተ ኢንሱሊን አብዛኛው ዓይነት ከ25 ዲግሪ በታች 28 ቀን ይቆያል፤ የኛ የነሐሴ ሌሊት ደግሞ ከዚያ በጣም በታች ነው። በረዶ ላይ ተቀምጦ በረዶ ሆኖ ከረጋ ግን ይበላሻል፣ አይወጋም። ፍሪጅ እንዳንከፍትም የለመነችን እሷ ናት፦ ተዘግቶ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24። ከ4 ሰዓት ያለፈ የፍሪጅ ወተትና የበሰለ ሥጋ ለማንም አይሰጥም። የፍልሰታ ጾም ላይ ስለነበርን ብዙው ቤት የሚበላሽ አልነበረውም፤ ጾሙም ረድቶናል ማለት ነው።

ባለ ሱቁ ጎረቤታችን ሻማውን በወትሮው ዋጋ ሸጧል። ሻማ ገዢውን ሁሉ «ጎድጓዳ ሳህን ላይ ውሃ ጠብ አድርገህ አቁመው፣ መጋረጃ አጠገብ እንዳይሆን» ይል ነበር። ነጭ ጋዝ ሲያልቅበት ለኩራዝ ቤንዚን ለጠየቀው አልሸጠም፤ ቤንዚን ኩራዝ ውስጥ ይፈነዳል።

የሰፈራችን ወጣቶች፣ በዚያ ዶፍ ከወደቀው ሽቦ 10 ሜትር ርቃችሁ ገመድ ዘርግታችሁ ሰውና መኪና ስለመለሳችሁ ኮርተንባችኋል። እርጥብ እንጨት ይዞ ሽቦውን ሊገፋ የመጣውን መልሳችኋል፤ እርጥብ እንጨት ኃይል ያስተላልፋልና።

ምሰሶ ላይ የወጣችሁ የመስመር ሠራተኞች፣ የጥበቃ አባላት፣ ውሃ በጀሪካን ያመላለሳችሁ፣ ሕፃናቱን በተረት ያቆያችሁ፣ ከጎረቤት ብሎክ የመጣችሁ፣ በጸሎትና በዱዓ ያሰባችሁን፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን። በጨለማ ፊታችሁን ሳናይ የረዳችሁን ብዙዎች ናችሁ፤ ስላላነሳናችሁ ቅር እንዳይላችሁ፣ ይቅርታ።

ይኸው ደግሞ ረስተን ነበር፦ የሮቶውን ቧንቧ ፈጥኖ የዘጋው ልጅ! የውሃ ሞተሩ ሲቆም የላይኛው ሮቶ ብቻ እንደሚቀር አስቦ በፎቅ ሁለት ሁለት ጀሪካን አከፋፍሎ ባይዘጋው ጠዋት አራተኛ ፎቅ ጠብታ አይኖርም ነበር። ተባረክ።

ባለ ሦስት ቀዳዳ ነጭ ዲቫይደር፣ ሁለት የእጅ ባትሪና አንድ ክዳኑ የጠፋ ጀበና ጥበቃው ጋ ተቀምጠዋል፤ የእናንተ ከሆኑ ውሰዱ። ዲቫይደሩን ሳትሰኩት በፊት ግን ለጋሼ አሳዩት፣ ውሃ ገብቶበታል።

የብሎኩ ነዋሪዎች ኮሚቴ
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ