ስለ ልጅሽ ፊዚክስ፣ ስለ ቬሎሲቲና አክስለሬሽን

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ እናትሽስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በጣም ተጠፋፋን። ስልክ ሁላችንም እጅ ላይ እያለ ይሄን ያህል ጊዜ ድምፅ ሳንሰማማ መቅረታችን ይገርመኛል። መልእክትሽን ሳይ ደስ አለኝ። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ የጠየቅሽኝ ስለ ፊዚክስ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ደስ አሰኘኝ፤ አልተለወጥሽም ማለት ነው። ስለ ኑሮው፣ ስለ ሥራው፣ ማን አገባ ማን ሄደ የሚለውን ሌላ ቀን ደውዬ እንጨዋወታለን። ዛሬ የልጅሽን ነገር ልያዝ።

ቀመሩን በቃሉ ይወጣዋል፣ ጥያቄ ሲመጣ ግን ቬሎሲቲ (ከነአቅጣጫው ያለ ፍጥነት) እና አክስለሬሽን (ቬሎሲቲ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ይምታቱበታል ብለሽኛል። እኔም ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የማየው ይሄንኑ ነው። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። አብዛኞቹ አክስለሬሽን ማለት "በጣም ትልቅ ፍጥነት" ይመስላቸዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ግራ መጋባት ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ስለዚህ ቀመሩን ለጊዜው ይተወው። ሩጫ ይወዳል ስላልሽኝ በሩጫ እንጀምር።

ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ርቀቱን ለጊዜው ስናካፍለው በሰከንድ 6.34 ሜትር ገደማ ይመጣል። ይሄ አማካይ ስፒዱ ነው፣ አቅጣጫ የማይቆጥረው ፍጥነት ማለት ነው። አማካይ ቬሎሲቲውስ? ዜሮ! ልጅሽ ይሄን ሲሰማ መናደዱ አይቀርም፣ ይናደድ። ቀነኒሳ 25 ዙር ዞሮ የጨረሰው የተነሳበት መስመር ላይ ነው፤ ቬሎሲቲ ደግሞ የሚጠይቀው ስንት ሜትር ለፋህ ብሎ ሳይሆን ከነበርክበት ቦታ በየት አቅጣጫ ምን ያህል ራቅህ፣ በስንት ጊዜ፣ ብሎ ነው። ቀጥታ መስመር ላይ ስንሆን ይሄ የአቅጣጫ ነገር ይቀላል፣ ምክንያቱም ያሉት ሁለት አቅጣጫዎች ብቻ ናቸው። አንዱን ፕላስ እንለዋለን፣ ሌላውን ማይነስ። የትኛው ፕላስ እንደሚሆን የምንመርጠው እኛው ነን፣ አንዴ ከመረጥን ግን እስከ መጨረሻው መቀያየር የለም።

አሁን ወደ ቀጥታ መስመር እንሂድ። ዩሴይን ቦልት በ2009 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ የሮጠበትን ውድድር ታስታውሺዋለሽ። ያ ሩጫ በየ20 ሜትሩ ተለክቷል። የመጀመሪያው 20 ሜትር 2.89 ሰከንድ ፈጀበት፣ ሁለተኛው 1.75፣ ሦስተኛው 1.67፣ አራተኛው 1.61፣ የመጨረሻው 1.66። ልጅሽ ደብተር ያውጣና እያንዳንዱን 20 ሜትር ለጊዜው ያካፍል። የሚያገኘው በሰከንድ 6.92፣ 11.43፣ 11.98፣ 12.42 እና 12.05 ሜትር ነው። እነዚህ አምስት ቁጥሮች እኔ ለማስረዳት የምፈልገውን ነገር ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይዘዋል፣ ስለዚህ አያልፋቸው፣ ቀስ ብሎ ይያቸው።

ቦልት በጣም ፈጣን የነበረው የት ጋ ነው? ከ60 እስከ 80 ሜትር። በሰዓት ሲሰላ ወደ 44.7 ኪሎ ሜትር ነው። አክስለሬሽኑ በጣም ትልቅ የነበረውስ የት ጋ ነው? መነሻው ላይ፣ ገና ቀርፋፋ እያለ! ከዜሮ ተነስቶ 3.8 ሰከንድ ገደማ ሲሆነው ቬሎሲቲው ወደ 11.4 ደርሷል፤ ይሄ በእያንዳንዱ ሰከንድ በአማካይ የ3 ሜትር በሰከንድ ጭማሪ ማለት ነው። ከሦስተኛው 20 ሜትር ወደ አራተኛው ሲያልፍ ግን ከ11.98 ወደ 12.42 ብቻ ነው የጨመረው፣ በሰከንድ 0.27 ገደማ። ሰውዬው የዓለም ፈጣኑ ሰው በሆነባት ቅጽበት አክስለሬሽኑ ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፍጥነቱ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ጭማሪው ያልቃል፣ ሌላ ሊሆን አይችልም።

የመጨረሻውን 20 ሜትር ደግሞ እይው። ከ12.42 ወደ 12.05 ወረደ። አክስለሬሽኑ ማይነስ ሆነ ማለት ነው፣ ወደ 0.23 ገደማ። ቦልት ግን ወደኋላ አልሮጠም፣ አልቆመምም፣ እንዲያውም ከሦስተኛው 20 ሜትር ይልቅ እዚህ ፈጣን ነበር። ቬሎሲቲው ፕላስ ነው፣ አክስለሬሽኑ ማይነስ ነው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው። ቬሎሲቲ አሁን እንዴት እየሄድክ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ አክስለሬሽን ደግሞ ያ አካሄድህ በየሰከንዱ እንዴት እየተለወጠ ነው ይላል። የአንዱን መልስ ስላወቅን የሌላውን አናውቅም። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ነገር ብቻ አስይዝ ብባል ይሄን ነው የማስይዘው።

እዚህ ጋ ሌላ ወጥመድ አለ። ልጁ የቦልትን መጨረሻ ካየ በኋላ "ገባኝ፣ ማይነስ አክስለሬሽን ማለት መቀዝቀዝ ነው" ይልሻል። ቆይ በይው። ድንጋይ በሰከንድ 19.6 ሜትር ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይወርውር። ወደ ላይ ፕላስ ነው እንበል፣ የአየሩን ነገር እንርሳው። የመሬት ስበት በየሰከንዱ 9.8 ይቀንስበታል። ከአንድ ሰከንድ በኋላ ቬሎሲቲው 9.8 ነው፣ ከሁለት በኋላ ዜሮ፣ ከሦስት በኋላ ማይነስ 9.8፣ ከአራት በኋላ ማይነስ 19.6 ሆኖ እጁ ላይ ይመለሳል። አክስለሬሽኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ማይነስ 9.8 ነው፣ ፍንክች አላለም። ሲወጣ ግን እየቀዘቀዘ ነበር፣ ሲወርድ እየፈጠነ መጣ። ስለዚህ ማይነሷ ብቻዋን ስለ መፍጠንም ሆነ ስለ መቀዝቀዝ ምንም አትነግረንም። የሁለቱን ምልክት አብሮ ማየት ነው የሚያስፈልገው። ቬሎሲቲና አክስለሬሽን አንድ ዓይነት ምልክት ካላቸው ነገሩ እየፈጠነ ነው፣ ከተለያዩ እየቀዘቀዘ ነው።

ጫፉ ላይ፣ ድንጋዩ ለመመለስ ሲል፣ አክስለሬሽኑ ስንት ነው ብለሽ ጠይቂው። እርግጠኛ ሆኖ "ዜሮ" ይልሻል፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት። አትቆጪው። ቬሎሲቲውም ዜሮ፣ ለውጡም ዜሮ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ ምን ይሆን ነበር ብለሽ መልሰሽ ጠይቂውና ዝም በይ። እዚያው አየር ላይ ተሰቅሎ ይቀር እንደነበር ራሱ ሲደርስበት የፊቱን ለውጥ ታይዋለሽ፣ እኔ የማስተማር ሥራን የምወደው ለዚያች ሰዓት ነው።

ሰውነታችንም እኮ ይሄን ልዩነት ያውቀዋል። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየበረረ ሻይሽን ተረጋግተሽ ትጠጫለሽ፣ ቬሎሲቲው ስለማይለወጥ ምንም አይሰማሽም። ከዚያ በጣም ቀርፋፋ የሆነ ሚኒባስ ታክሲ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ግን ፊትሽ ያለውን ወንበር ትይዣለሽ። የሚሰማን ለውጡ ነው።

ፍሬንን ካነሳሁ አይቀር ስለ ግራፉ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ግራፍ ሲባል ይፈራል ብለሻል። ጊዜን አግድም፣ ቬሎሲቲን ሽቅብ አድርጎ ይሳል። የመስመሩ ተዳፋት አክስለሬሽኑ ነው፣ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ደግሞ የተጓዘው ርቀት ነው። በቃ፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በሰከንድ 13.9 ሜትር ትጓዛለች። ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ በየሰከንዱ 7 ሜትር በሰከንድ ይቀንስላታል እንበል። በ2 ሰከንድ አካባቢ ትቆማለች፣ መስመሩም ከ13.9 ቁልቁል ወርዶ ሦስት ማዕዘን ይሠራል፣ ስፋቱ 14 ሜትር ገደማ። አሁን ፍጥነቱን 100 ያድርገው። የሦስት ማዕዘኑ ቁመት እጥፍ ሆነ፣ ለመቆም የሚፈጀው ጊዜም እጥፍ ሆነ፣ ስለዚህ ስፋቱ አራት እጥፍ ነው፤ ወደ 55 ሜትር። ይሄ ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላ ያለው ብቻ ነው። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት ሌላ 28 ሜትር ትነጉዳለች። አንድ ላይ 83 ሜትር መሆኑ ነው። በ50 ቢሆን ግን 28 ላይ ቆማለች። መንገዶቻችን ላይ ስንት ሰው እንደምናጣ ስለምታውቂ ይሄን ስሌት ለእያንዳንዱ ተማሪ በእጁ ሳላሠራ አላልፍም። ፍጥነቱን እጥፍ ሳደርግ መቆሚያውም እጥፍ ይሆናል ብሎ የሚያምን ሹፌር ያስፈራኛል።

ለልጅሽ የቤት ሥራ ልስጠው። የቦልትን አምስት ቁጥሮች ሰንጠረዥ ላይ ያስፍርና የቬሎሲቲውን ግራፍ በእጁ ይሳል፣ በስልክ አፕ አይደለም። እያንዳንዱን ቬሎሲቲ የ20 ሜትሩ ጊዜ መሃል ላይ ያስቀምጠው፤ የመጀመሪያውን 1.45 ሰከንድ አካባቢ፣ ሁለተኛውን 3.77፣ እንዲህ እያለ። ከዜሮ ተነስቶ ነጥቦቹን ሲያገናኝና መስመሩን እስከ 9.58 ሰከንድ ሲያደርሰው መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ እየተኛ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ይወርዳል። ከመስመሩ በታች ያለውን ስፋትም በግምት ይለካ፣ ወደ 100 መጠጋት አለበት። ካልተጠጋ የት ጋ እንደተሳሳተ ራሱ ይፈልግ። ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ እኔ አርሜ እልካለሁ። ግራፉን ካጠናቀቀ የቀረውን ቅዳሜ ከሰዓት በስልክ ከእሱ ጋር እንሠራለን፣ ትምህርት ስለሌለኝ ሰፊ ጊዜ አለኝ።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ።

የዘወትር ጓደኛሽ