«ይታጠባል» ላልሽኝ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ እናትሽ የሷን ለብቻዋ ትጽፍልሻለች። እኔ ወዳነሳሽው ነገር ልግባ። ጓደኞችሽ ቻንቲሊ፣ ቨርጂኒያ ወዳለው ኡድቫር-ሄዚ ሙዚየም ሄደው ኢኖላ ጌይ ላይ (በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለው የአሜሪካ ቢ-29 አውሮፕላን) ቀይ ቀለም ሊረጩ አስበዋል፤ አንቺም «ቀለም ነው፣ ይታጠባል» ብለሽ ጽፈሽልኛል። አይታጠብም። ምክንያቱን ላስረዳሽ (ቀኖቹን የምጽፍልሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)።

መጀመሪያ የቆርቆሮውን ጠባይ እወቂ። ይህ ቢ-29 ከምልክቶቹና ከስሙ በቀር ቀለም የለበትም፤ ገላው የተወለወለ ራቁት አሉሚኒየም ነው። የቆርቆሮው ውስጥ ከ4 ከመቶ በላይ መዳብ የተቀላቀለበት ነው። መዳቡ ያጠነክረዋል፣ ግን ለዝገት አሳልፎ ይሰጠዋል። ስለዚህ በሁለቱም ገጽ ስስ የንጹሕ አሉሚኒየም ልባስ ተደርቦበታል። ቆርቆሮው 1 ሚሊሜትር ቢሆን ልባሱ በአንድ ገጽ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑን ከዝገት የሚጠብቀው ይኸው ነው፤ በተፈተገ ቁጥር ያልቃል። ካለቀ በኋላ ቆርቆሮውን መቀየር እንጂ እዚያው ባለበት መልሶ መለበጥ አይቻልም። የተቀየረው ደግሞ ሂሮሺማ ላይ የበረረው ቆርቆሮ አይሆንም።

አሁን ቀለሙን አስቢ። በውሃ የሚቀጥነው ዓይነት ሳይደርቅ ከተደረሰበት ከዝርጉ ገጽ ላይ ይነሳል። ከሪቬት (ቆርቆሮዎቹን ከሚያያይዘው ምስማር) ራሶች ዙሪያና አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ ከተደረበበት ስንጥቅ ግን አይነሳም፤ ስንጥቁ ራሱ ስቦ ያስገባዋል። ከደረቀ ማሟሟያ ይፈልጋል፤ ማሟሟያው ደግሞ ቀለሙን አቅጥኖ ወደ ባሰው ጥልቀት ይወስደዋል። እዚያ የቀረው ቅሪት እርጥበት ይይዛል፣ ዝገቱም ከሥር ይጀምራል፤ ከላይ እስኪታይ ዓመታት ይፈጅበታል። አፍንጫው ላይ ያለው ፕሌክሲግላስ (መስታወት መሳይ ፕላስቲክ) ሌላ ጣጣ ነው። አሴቶን ወይም አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ከነካው በደቃቅ ስንጥቆች ይሞላል።

እንዲህ ሲሆን ደግሞ የሰው እጅ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ በረኪና ነው። በረኪና ቀለሙን ሳያነሳ አሉሚኒየሙን ይበሳሳዋል። ድስት መፋቂያ ሽቦም ልባሱን ይልጠዋል፤ ጥሎት የሚሄደው የብረት ብናኝም ራሱ የዝገት መነሻ ነው። ትክክለኛው አሠራር ቀርፋፋ ነው። መጀመሪያ ፎቶ ይነሳል፣ ለፖሊስም ለባለሙያም የሚሆን ናሙና በብልቃጥ ይወሰዳል። ከዚያ እርጥቡ በሚመጥጥ ወረቀት ሳይሻሽ ይነካል። ቀጥሎ ስንጥር ላይ የተጠቀለለ ጥጥ በዲስትልድ ውሃ እየተነከረ ከጠርዙ ወደ መሃል ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ የነካ ጥጥ ይጣላል። ማሟሟያ የሚመጣው ይህ ሲያቅት ነው፣ እሱም በማይታይ ቦታ ከተሞከረ በኋላ። አንድ ጠርሙስ ቀለም የሚረጨው በሁለት ሰከንድ ነው፤ ለማንሳት ሳምንታት ቢፈጅ አይድነቅሽ።

ይህ ደግሞ የተሞከረ ነገር ነው። በ1995 የአውሮፕላኑ የፊት ክፍል ዋሽንግተን ውስጥ ለእይታ ሲቀርብ፣ አንድ ተቃዋሚ የክፍሉን ምንጣፍ ቀይ ቀለም አፈሰሰበት። ከዚያ ጁላይ 2 ቀን ሦስት ሰዎች የሰው ደምና አመድ ገላው ላይ ደፍተው ታሰሩ። እንደ ምልክት ከባድ መልእክት ነበር፤ ለአሉሚኒየም ግን ከዚህ የከፋ ጥምረት መምረጥ ይከብዳል። ደም ጨው አለው፤ ክሎራይዱ ልባሱን በነጥብ በነጥብ ይበሳውና መዳብ ካለበት ውስጠኛው ክፍል ይደርሳል። አመድ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን አያቶችሽ ልብስ ያጠቡበት ስለነበር ያውቁታል። የሚሰጠው ኃይለኛ አልካሊ ነው፣ የአሉሚኒየምን መከላከያ ስስ ሽፋን ያሟሟል። ደሙን በሙቅ ውሃ የሚያጥብ ካለ ደግሞ ይረጋና ይበልጥ ይጣበቃል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚፈልገው።

በዲሴምበር 15 ቀን 2003 ኡድቫር-ሄዚ ሲከፈት ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የተረፉ አዛውንቶች የሟች ፎቶዎች ይዘው መጡ። አንድ ሰው ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ ወረወረ፤ ጠርሙሱ አንዱን የቆርቆሮ ክፍል አጎደጎደው። ሁለት ሰው ታሰረ። ጉድጓድ ደግሞ ከቀለም ይከፋል። አሉሚኒየም ሲጎደጎድ ይለጠጣል፤ ከኋላ መዶሻ፣ ከፊት መደገፊያ ይዘሽ ብትመልሽው የተለጠጠው ትርፍ ቦታ ያጣል፣ ስትጫኚው ገባ ወጣ ይላል። በትክክል ለማቃናት ሪቬቶቹን በድሪል ማውጣት ያስፈልጋል። ያኔ ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ፣ የ1945 ሪቬትም በአዲስ ይተካል። ከኔ ብትጠይቂ ትንሽ ጉድጓድ ባለበት ቢተው ይሻላል።

ስለ ብረቱ ይህን ያህል የምጨነቀው አውሮፕላኑ ቅዱስ ስለሆነ አይደለም። ባለቤቶቹ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ንቀውት ነበር። ከ1953 መጨረሻ ጀምሮ አንድሩስ የጦር ሰፈር ውስጥ ሜዳ ላይ ዝናብ ሲመታው፣ ወፍ ሲሰፍርበት፣ ቅርስ ፈላጊ ክፍሎቹን ሲነቅልለት ኖሮ ከ1960 ጀምሮ ተፈታትቶ ወደ መጋዘን ገባ። እድሳቱ በ1984 ተጀምሮ 300,000 ያህል የሥራ ሰዓት በላ። በዚህ ላይ አጠገቡ የጃፓን አውሮፕላኖች ቆመዋል፤ ከነሱ አንዱ፣ ሴይራን፣ በዓለም የቀረ ብቸኛው ነው። ከላይኛው መተላለፊያ የተወረወረ ፈሳሽ የት እንደሚያርፍ ማንም አይመርጥም።

ጓደኞችሽ የተቆጡበት ነገር ግን እውነተኛ ነው። በ2003 አጠገቡ የተለጠፈው ጽሑፍ የመሣሪያውን ብቃት ተረከ እንጂ የሟች ቁጥር አልጻፈም። የሙዚየሙ መልስ ሌሎቹም አውሮፕላኖች ላይ እንደዚያ አንጽፍም የሚል ነበር። ይህ መልስ ለኔ አይበቃኝም። በኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ያገራችንን ሰው በመርዝ ጭስ ፈጅተዋል፤ ከነዚያ አንዱ የሆነ ቦታ ተወልውሎ ቢቆምና ጽሑፉ ስለ ሞተሩ ብቻ ቢያወራ አንቺ ዝም ትያለሽ? አትዪም። ግን ሞተሩን ብትሰብሪው ጽሑፉ አይለወጥም። የ2003ቱን ቀን አንስተሽ ብትጠይቂ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ጠርሙሱን ነው፤ ፎቶ ይዘው የቆሙትን አዛውንቶች የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ጥሉን ከጽሑፉ ጋር አድርጉት፣ በዚህም ተጠንቀቁ። የ1995ቱ ሰፊ ኤግዚቢሽን የተሰረዘው በአብዛኛው በቁጥር ጠብ ነበር፤ ቦምቡ ባይጣል ጃፓንን ለመውረር ስንት የአሜሪካ ወታደር ይሞት ነበር የሚለው ግምት ላይ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ከሙዚየሙ ጋር ተናነቁ። በጃንዋሪ ተሰረዘ፣ በሜይ ዳይሬክተሩ ማርቲን ሃርዊት ሥራቸውን ለቀቁ። ለሙዚየሙ ስትጽፉ አንድ ቁጥር ብቻ ወርውራችሁ አትሂዱ። ማን ቆጠረው፣ እስከ መቼ የሞተውን አካቶ የሚለውን ጨምሩበት። የሂሮሺማ ከተማ እስከ 1945 መጨረሻ ድረስ የሞተውን 140,000 ገደማ ይላል፣ 10,000 ወዲህ ወይም ወዲያ። የአሜሪካኖቹ የመጀመሪያ ግምቶች ከዚህ ያንሳሉ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱን የደበቀ ደብዳቤ እንደ ሠላሳ ዓመት በፊቱ እዚያው ላይ ይያዛል።

የምትጠይቁት አጭር ይሁን። ጽሑፉ ላይ አራት መስመር ይጨመር፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ (በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 8:15)፣ ቦምቡ የፈነዳበት ከፍታ (600 ሜትር ገደማ)፣ የሟቾች ግምት ከነቆጣሪው። መስመሮቹን እናንተው አርቅቃችሁ ከደብዳቤው ጋር ላኩላቸው። ረቂቁን መጀመሪያ ለኔ ላኪልኝ፣ ቁጥሮቹን አይልሻለሁ።

አባትሽ