የመልሶ ማልማት ፕሮጀክቶችን ፈቃድ በተመለከተ ለደንበኞቻችን

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

መኖሪያና ንግድ አብረው በሚገነቡባቸው ትልልቅ ቅይጥ ልማቶች ውስጥ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም ቢሮ ለመክፈት ያሰባችሁ ብዙዎች «ማስተር ፕላኑ ጸድቋል፤ ታዲያ ዲዛይኑን ለምን አትጀምሩልንም?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ምክንያታችንን በግልጽ ልንነግራችሁ እንወዳለን።

የከተማው ምክር ቤት ማስተር ፕላን ሲያጸድቅ የሚወስነው መንገዱ የት እንደሚያልፍ፣ ሕንጻዎቹ እስከ ምን ያህል ከፍ እንደሚሉ፣ ለመኖሪያና ለንግድ ምን ያህል የወለል ስፋት እንደሚመደብ ነው። የእያንዳንዱ ሕንጻ ዝርዝር ገና ይቀራል። ለንደን ውስጥ የኪንግስ ክሮስን መልሶ ማልማት ተመልከቱ። ቦታው 27 ሄክታር ገደማ ነው። ማመልከቻው በ2004 እ.ኤ.አ. ለካምደን ወረዳ ምክር ቤት ገባ፤ አጠቃላይ ዕቅዱን የሚያጸድቀው የመነሻ ፈቃድ የተሰጠው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላም የየሕንጻው ዝርዝር ተራ በተራ ለምክር ቤቱ እየቀረበ መታየት ነበረበት።

የእናንተ ጉዳይ የሚወሰነውም በዚሁ በዝርዝሩ ደረጃ ነው። ምግብ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው የወጥ ቤቱ ጭስ ማውጫ ከላይ ያሉትን መኖሪያ ቤቶች አልፎ ጣሪያ ላይ መድረስ አለበት። መተላለፊያው በሕንጻው ሥዕል ላይ አስቀድሞ ካልተያዘ፣ በኋላ የሰው መኝታ ቤት ሰንጥቆ የሚያሳልፍለት የለም። ዕቃ ማራገፊያው፣ የቆሻሻ ማቆያው፣ የሱቁ የሥራ ሰዓትም እንዲሁ በፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ሊታሰሩ ይችላሉ። ይህ ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት የምንሥለው ዲዛይን ገንዘባችሁን ያባክናል፤ ይህን ደግሞ አንፈልግም።

የነዋሪዎች ምክክር ነገሩን አዘገየብን የምትሉም አላችሁ። እኛ ግን ምክክሩ በደንብ እንዲካሄድ ከልብ እንሻለን። ዝናብ ሲጥል ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በየት በኩል እንደሚሻገሩ ከነባር ነዋሪ በላይ የሚያውቅ የለም። እነዚህ ሰዎች ነገ ደንበኞቻችሁ ናቸው፤ ካሳና ምትክ ቤት ሳያገኙ የሚነሱ ከሆነም ቅሬታው ፍርድ ቤት ደርሶ ሥራውን ሊያስቆም ይችላል።

ስለዚህ ለጊዜው የምንሠራው የፍላጎት ዝርዝራችሁን ማዘጋጀት ነው፦ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የውሃ መስመር፣ የጭስ ማውጫ፣ የማራገፊያ ቦታ። ይህን ለአልሚው መሐንዲሶች በጊዜ ካደረስን በሕንጻው ሥዕል ውስጥ ይገባል። የውስጥ ዲዛይኑን የምንጀምረው የሕንጻው ዝርዝር ሲጸድቅ ነው። በሩን ለደንበኛ የምትከፍቱት ደግሞ ግንባታው ተመርምሮ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲሰጥ ስለሆነ፣ የኪራይ ውላችሁ ክፍያ የሚጀምርበትን ቀን ከዚህ ፈቃድ ጋር እንዲያያይዝ ጠይቁ።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት የምክር ቤቱን የፈቃድ ውሳኔ ደብዳቤ ከነቅድመ ሁኔታዎቹ ይዛችሁ ቢሯችን ብትመጡ አብረን እናነበዋለን። ለዚህ ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዲዛይንና የማማከር ቡድናችሁ