የተረፈ ዕቃ ስንሰበስብ ተባበሩን

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ከኮምቦልቻ ደሴ የግንባታ ዕቃ አመላልሳለሁ። አሁን ደግሞ አንድ አቅራቢ የተረፈ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክና ለግንባታ መወጣጫ የሚከራይ ብረት ከየሳይቱ ሰብስቤ እንድመልስለት ውል ሰጥቶኛል። ሥራው ጥሩ ነው። የሚያስቸግረኝ የደንበኛ ትብብር ነው።

ባለፈው ሳምንት ተደውሎልኝ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ አንድ ሳይት ደረስኩ። ፎርማኑ የለም፣ መጋዘኑ ተቆልፏል። የኪራይ ብረቱ ጭቃ ውስጥ ተበትኗል፤ ብረቶቹን የሚያያይዘው ክላምፕ ላይ ኮንክሪት ደርቆበታል። ከረዳቴ ጋር በመዶሻ ስንፈለፍል ዋልን። ሲሚንቶው ባዶ መሬት ላይ ተደርድሮ የታችኞቹ ከረጢቶች እርጥበት ጠጥተው ድንጋይ ሆነዋል። ባለ 50 ኪሎ ድንጋይ ማን ይረከባል? በደሴ ክረምት ሲሚንቶ እንዲህ አይጣልም።

ማምሻውን ባለቤቱ መጣና «ውሌ ከሻጩ ጋር ነው፣ አንተን አላውቅህም» አለኝ። አልፈረድኩበትም፣ የነገረው የለማ።

እናም አቅራቢዎች፣ ማን መጥቶ እንደሚሰበስብና ምን ዓይነት ዕቃ እንደምትቀበሉ ስትሸጡ ለደንበኞቻችሁ ንገሯቸው፤ ደረሰኙ ላይ ጻፉት። ደንበኞቻችን፣ ሲሚንቶውን ጣውላ ላይ አንሡት፣ ሸራ አልብሱት። ብረቱን ኮንክሪቱ ሳይደርቅ አጽዱት። ቆጥሮ የሚያስረክበን አንድ ሰውም አቁሙልን። ባዶዬን ስመለስ የነዳጁ ወጪ ዞሮ ዞሮ ቤት ሠሪው ላይ ነው የሚያርፈው።

የጭነት መኪና ሾፌር፣ ከኮምቦልቻ