የኮሌጆቻችን ውጤትም ይመዝገብ

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

በስፖርት ገጻችሁ ስለ አሜሪካ ኮሌጆች እግር ኳስ፣ ማለትም ኳሱ በእጅ ተይዞ ስለሚሮጥበት ጨዋታ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1901 የውድድር ዘመን በአሠልጣኝ ፊልዲንግ ዮስት እየተመራ 11 ጨዋታዎችን በሙሉ ማሸነፉ፣ 550 ነጥብ አስቆጥሮ አንድም ሳይቆጠርበት መጨረሱ እውነት ነው፤ ሆኖም ቡፋሎን 128 ለ0 የረታበት ውጤት ከአሸናፊው ብርታት ይልቅ የተጋጣሚዎቹን አለመመጣጠን የሚናገር ይመስለኛል። በቀጣዩ ጃንዋሪ 1 ቀን በፓሳዴና ከስታንፎርድ ጋር የተደረገው ግጥሚያም 49 ለ0 ላይ ሲደርስ በተሸናፊዎቹ ጥያቄ ሰዓቱ ሳይሞላ ተቋርጧል፤ አዘጋጆቹም እስከ 1916 ድረስ እግር ኳሱን ትተው የሠረገላ እሽቅድምድም እስከማሳየት ደርሰዋል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ይህ ሁሉ ከመቶ ዓመት በኋላም በቁጥር መገኘቱ ነው። በእኛ በሰሜን ሸዋ የኮሌጆች ግጥሚያ ውጤት ብዙውን ጊዜ ዳኛው ከኪሱ በሚያወጣት ብጣሽ ወረቀት ላይ ይሰፍርና ዋንጫው ከተሰጠ በኋላ ወረቀቷ የት እንደገባች አይታወቅም። ስለዚህ ጋዜጣችሁ በየሳምንቱ አንድ ጠባብ ዓምድ ሰጥቶ ቀኑን፣ ሜዳውን፣ ውጤቱንና የግብ አግቢዎቹን ስም እንዲያትምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን